የኮኖ ተደራቢ ጥርስ

ቤታችን የሠዓሊ ቤት ነው፤ የልጃችን ሥዕል ግን የለበትም። ይህን ስናገር ደህና አድርጎ የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። የባሌን ስም የሰማ ሁሉ “እንዴት ተደርጎ?” ይለኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ባሌ ጁኪቺ ይባላል፤ መጽሐፍ ሻጮቹ ግን የሚያውቁት ታንሱይ በሚለው የሥዕል ስሙ ነው። ሥራው ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ ታጥፎ የሚገኘውን ባለቀለም ሥዕል መሳል ነው። ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ገና መንገድ ላይ እያለ የሚገልጠው እሱን ነው። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አለች። ወይ ሰው ትጠብቃለች፣ ወይ ደብዳቤ ይዛ ትተክዛለች፣ ወይ ዝናብ ላይ ቆማለች። ፊቷ ምንጊዜም ያው ነው፤ ሞላላ፣ ዓይኖቿ ክር የሚያህሉ፣ አፏ ባቄላ የማያስገባ። አንባቢው ሁሉ “የታንሱይ ሴት” ይላታል። አንዳንዱ ቤታችን ሲመጣ በሩን የምከፍተው እኔ መሆኔን አይቶ ቅር ይለዋል።

አንገቷ ግን የልጃችን የኮኖ ነው። እጇም፣ ጉልበቷን አጥፋ የምትቀመጥበት አኳኋንም የእሷ ነው። ልጅቷ ልብስ መልበስ ሊያምርባት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አባቷ ፊቱ እያቆማት “ዞር በይ፣ ጃንጥላውን ዝቅ፣ እጅሽን ለስለስ” ሲላት ነው ያደገችው። ፊቷን ግን ቀና ብሎ አያይም ነበር። ፊት አያስፈልገውማ፤ ፊቱን እጁ ያውቀዋል። እንዲህ ሆኖ የልጄ እጆች በየሰዉ መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ፊቷ ግን የትም የለም።

ፎቶግራፍ አትሉኝም? አሳኩሳ ሰፈር ካሉት ፎቶ ቤቶች ሄዶ ለመነሳት ምን ችግር አለው። ባለፈው አዲስ ዓመት ጠይቃው ነበር።

“አባዬ፣ ጓደኞቼ እነታኪ ሁሉም ተነስተዋል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።”

“የታንሱይ ልጅ ፎቶ ቤት ገባች ሲባል ሰው ምን ይለኛል? ቶፉ ሠሪ ከጎረቤት ቶፉ ሲገዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ቶፉ ሠሪውማ የሠራውን የአኩሪ አተር አይብ ለልጆቹም ያበላል! አንተ መቼ ሳልከኝና ነው?”

“የጋብቻ አማላጅ በራችንን ያንኳኳ ቀን እስልሻለሁ። ያውም ሐር ላይ። በይ አሁን ማራገቢያውን ያዢና ዞር በይ።”

“እማዬ፣ አማላጅ ፈልጊልኝ! የአባዬን ቶፉ ለመብላት ወረፋ ይዣለሁ” ብላ ሳቀች። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሴት ልጅ ሁሉ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች፤ እሷ ግን አጥብቃ ነው የምትሸፍነው፣ ክራንቻዋ ከጎኑ ባለው ጥርስ ላይ ተደርቦ ስለበቀለ። ለእኔ ደስ ይለኝ ነበር። ለእሷ ግን የዓለም እፍረት ነው።

በነሐሴ ኮሌራ ገባ። ጠዋት ከጓሮ ዱባ ስታጥብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ በቃሬዛ ወሰዷት። በሰፈራችን መግቢያ ገመድ ዘረጉ፣ በራችን ላይ ኖራ በተኑ። የበሽተኞች ማግለያው ድረስ ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስትሞት አላየኋትም፣ ከሞተች በኋላም አላየኋትም። የኮሌራ ሬሳ ለቤተሰብ አይሰጥም፤ እዚያው ያቃጥሉታል። ልጄን በአንዲት ክዳን ባላት የሸክላ ዕቃ መለሱልኝ። ቀላል ነበረች።

አላለቀስኩም። ጎረቤቶቼ “ያሱ ጠንካራ ሴት ናት” አሉ። ምን ጥንካሬ አለብኝ? ወለል ላይ ብዙ ተቀምጣችሁ እግራችሁ ሲደነዝዝ ታውቃላችሁ፤ ብትቆነጥጡት የሌላ ሰው እግር ይመስላችኋል። እኔ ከአናቴ እስከ እግሬ እንደዚያ ነበርኩ። ሩዝ አጥባለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ ቤታችን ውስጥ ላለው የሙታን መሠዊያ በትንሿ ሳህን አቀርባለሁ፣ እንደገና አጥባለሁ። ጁኪቺ ደግሞ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ብሩሾቹን እያየ ይውላል። ብሩሽ አያነሳም። ሁለት ሰው ነበርን፤ ቤቱ ግን ባዶ ነበር።

አንድ ቀን ሩዝ እያጠብኩ የኮኖን ፊት ልጠራ ሞከርኩ። የመጣችው የታንሱይ ሴት ነበረች። ያው ሞላላ ፊት፣ ያው ክር ዓይን። ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩ፤ ያችው መጣች። ሰው ልጁ ትሞትበታለች፤ ይህ በየቤቱ አለ። የእኔዋን ግን አባቷ ሰባት ስምንት ዓመት ሙሉ ሲስላት በኖራት እንግዳ ሴት ተቀማሁ። ያን ቀን ፈራሁ። ከነሐሴ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ነበር።

ለባሌ አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ይለኛል?

መኸሩ ሲያበቃ ቶሞኖ መጣ። ቶሞኖ የአሳታሚው ቤት ተላላኪ ነው፤ ሁልጊዜ ይቸኩላል፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ አያወልቅም።

“ጋሼ፣ መምህር ሺዙካዋ አዲስ ልብ ወለድ ሊያወጡ ነው። ለፀደይ መድረስ አለበት።”

“የት ደረሰ?” አለው ጁኪቺ።

“ገና አንድ መስመር አልጻፉም።”

“እንግዲያው ገና ነዋ።”

“ምን ገና ነው! ሥዕሉ ነው እንጂ የቸኮለው። እሳቸው ሥዕሉን ሲያዩ ይጻፋል።”

ይህ እንግዲህ የሙያው ወግ ነው። ሥዕሉን ለኅትመት እንጨት ላይ መቅረጹ ጊዜ ስለሚፈጅ ሥዕሉ ይቀድማል፤ ደራሲው አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያሰበውን ጫር አድርጎ ይልካል፣ ሠዓሊው ይስላል፣ ከዚያ ደራሲው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰክቶ ታሪኩን ከሥዕሉ ጋር ያገናኛል። አንዴ ባሌ በጃንጥላ ፋንታ ፋኖስ ስሎበት ሺዙካዋ ባለታሪኳን ሌሊት እንድትጠፋ አድርጓታል። አሁን በቶሞኖ እጅ የላከው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ “ልጅቷ ከሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ተመልሳ ደጃፍ ላይ ቆማ ዞር ትላለች። እጇ ላይ እርጥብ ፎጣ። በመጨረሻ ትሞታለች፤ ስለዚህ አንጀት የምትበላ ትሁን።”

ጁኪቺ አነበበው። አጣጠፈው። “እሺ” አለ። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር።

ቶሞኖ ከሄደ በኋላ “ያሱ፣ ነይ ቁሚልኝ” አለኝ።

“እኔ?”

“ሌላ ማን አለ?”

“አንተ ሰውዬ፣ ወገቤ የሩዝ ጆንያ ሆኗል። መጽሐፉን የገዛ ሰው ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ ይጮሃል።”

“ወገብሽን እኔ አቀጥነዋለሁ።”

“አሁን ነው ትዝ ያለህ? ስታገባኝ ብታቀጥነው ምን ነበረበት!”

ሊስቅ ነበር፤ ትንሽ ነው የቀረው። ፎጣ ይዤ ቆምኩለት። ዞር በይ አለኝ፣ ዞርኩ። ብሩሹ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ከዚያ መሰማቱ ቆመ።

“ያቺ ጥርስ በየት በኩል ነበረች?” አለ።

የማንን ጥርስ እንደሚል አላጣሁትም።

“በቀኝ። በራሷ ቀኝ።”

“በግራ አይደለም?”

“በቀኝ ነው የምልህ! አፏን ሳጥብ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።”

“እኔስ ስንት ዘመን ፊት ለፊቴ ቆማ…”

“ፊቷን መች አየኸውና!”

ይህን ባልል ጥሩ ነበር። ግን ብያለሁ፤ ከአፌ የወጣ ነገር መልሼ ስውጥ ኖሬ አላውቅም። ብሩሹን አስቀመጠ። እኔም ፎጣውን አስቀመጥኩና ሩዜን ልጥድ ሄድኩ። እሱም ፊቷ እየጠፋው እንደሆነ የገባኝ ምድጃው ላይ ሆኜ ነው። ሁለታችንም በየጥጋችን አንድ ነገር እየጠፋን ተደባብቀን ኖረናል።

ከዚያ በኋላ ቁሚልኝ አላለኝም። ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳል። ይስላል፣ ይቀድዳል፣ እንደገና ይስላል። እኔ ምግቡን አጠገቡ አስቀምጬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ሻይ ይዤ ስገባ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ልጄ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ጉንጯ ድቡልቡል ነው። ከቅንድቧ በላይ የኩፍኝ ጠባሳ አለ፣ በልጅነቷ ቧጥጣ ያተረፈችው። እየሳቀች ናት፣ እጇ ወደ አፏ እየሄደ ነው፣ ገና አልደረሰም። በዚያች ክፍተት ውስጥ ጥርሷ ይታያል። በራሷ ግራ።

ሻዩን አላፈሰስኩም፤ አስቀመጥኩት። “አገጯ ትንሽ ሰፋ ይል ነበር” አልኩ።

“ይህን ያህል?”

“ከዚያ ትንሽ ቀነስ።”

አስተካከለው። ቀና ብሎ አየኝ። “አሁንስ?”

“ኮኖ” አልኩ። የደነዘዘ እግር ደም ሲገባው እንዴት እንደሚወጋ ታውቃላችሁ፤ ደረቴ ውስጥ እንዲያ ወጋኝ። ደስ ይል ነበር ልበል? ያማል። ግን የራሴ ሕመም ነበር። ያን ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ጠራኋት፤ መጣች፣ ከነጠባሳዋ።

በነጋው ጁኪቺ ወረቀቱን መጠቅለል ሲጀምር እጁን ያዝኩት።

“ይህን አትስጣቸው። ሌላ ሳልላቸው።”

“ሌላ አይመጣም፣ ያሱ። ይህም እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ትናንት ልገለብጠው ሞክሬ ነበር። ያቺው ሴትዮ ናት የምትወጣው።”

“እና ቢላ ሥር ልትልካት ነው?”

በእኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሠዓሊው ስስ ወረቀት ላይ የሳለውን፣ ቀራጩ በፊቱ ደፍቶ የቼሪ ሳንቃ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል። ከዚያ ወረቀቱንም እንጨቱንም አብሮ እየቀረጸ ይወርዳል። መስመሩ እንጨት ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ ብናኝ ይሆናል። ይህን ሰው ካገባሁ ጀምሮ ከቀራጭ ቤት የተመለሰ ሥዕል አላየሁም።

“ወረቀቷ ትሄዳለች” አለኝ ረጋ ብሎ። “ኮኖ ግን በሺህ ታትማ ትመጣለች። ሐር ላይ ብስላት አንድ ናት፤ ቤት ሲቃጠል አብራ ትቃጠላለች። ይህቺ ግን በየአገሩ፣ በየሰዉ ቤት ትሆናለች። ማን ያጠፋታል?”

አሰብኩት። ልክ ነው። ልጄ ከነጥርሷ በየሰዉ ቤት፤ ይህንን ሳስብ እንዲያውም ኮራ አልኩ። ፎቶ ቤት የተነሱት እነታኪ የት ይደርሱባታል? ወረቀቱን ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬ ለቶሞኖ ሰጠሁት።

“ጥርሷ ግን በቀኝ ነበር” አልኩት ባሌን በሩን ስዘጋ።

“በግራ” አለ። ሁለታችንም ከነሐሴ ወዲህ እንደዚያ ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ይመስል ነበር።

ቀራጩ ጋሽ ካሂቺ ናቸው። ካንዳ ነው ቤታቸው። ልብሱንና ዛፉን ደቀ መዛሙርታቸው ይቀርጻሉ፤ ፊትና የፀጉር መስመር ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። የታንሱይን ሴት ከመጀመሪያዋ ጀምሮ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። ሰፈራችን በገመድ ታጥሮ ሰው ሁሉ በሌላ መንገድ ሲዞር፣ በዚያ ዕድሜያቸው መጥተው ከገመዱ ማዶ ነጭ ሥርና የሾርባ ማጣፈጫ ሚሶ አስቀምጠውልን የሄዱ ሰው ናቸው። ደግ ሰው የሚባል ነገር ካለ እሳቸው ናቸው። ይህን የምለው ኋላ እንዳይረሳብኝ ነው።

ጠበቅኩ። ከመሠዊያው አጠገብ ግድግዳውን ወልውዬ ቦታ አዘጋጀሁ። ሰው ሲጠብቅ ቀን ቀን ይሆናል፤ ጠዋትና ከሰዓት እንደገና ተለያዩልኝ። ዓሣ ገዛሁ፤ ጨው አነሰው ብሎ ጁኪቺ አማረረ። ማማረሩ ደስ አለኝ።

ቶሞኖ የሙከራውን ኅትመት ይዞ ሲመጣ ጫማውን ደህና አድርጎ አወለቀ፤ ደስ ብሎታል ማለት ነው። ይህ ኅትመት ቀለም የለውም፣ በጥቁር መስመር ብቻ ነው፤ ሠዓሊው የትኛው ቦታ ምን ቀለም እንደሚሆን ምልክት ያደርግበታል። ወለሉ ላይ ዘረጋው።

ፎጣው አለ። ደጃፉ አለ። አንገቷ የኮኖ ነው። እጇ የኮኖ ነው፣ ወደ አፏ እየሄደ። ፊቷ ሞላላ፣ ዓይኖቿ ክር፣ አፏ ግጥም ብሎ የተዘጋ፣ ባቄላ የማያስገባ። ጠባሳ የለም። ጥርስ የለም። እጁ ወደ ተዘጋ አፍ እየሄደ ነው።

“እንዴት ነው?” አለ ቶሞኖ። “መምህር ሺዙካዋ አይተውት ብድግ አሉ! ‘ታንሱይ ተመለሰ’ አሉ። ሐዘኑ እጁን ያዘው ብለው ፈርተው ነበር።”

ባሌን አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። “ጋሽ ካሂቺ ጥሩ ቀርጸዋል” አለ። ከዚያ ቀይ ቀለሙን በጠበጠና ምልክት ማድረግ ጀመረ። ፎጣው ሰማያዊ ይሁን። መቀነቱ የወይን ጠጅ። ከንፈሩ ቀይ።

እኔም ምንም አልተሰማኝም። ተነሳሁ፣ ነጠላ ጫማዬን አደረግኩ፣ ካንዳ ሄድኩ።

ጋሽ ካሂቺ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቢላቸውን እየሳሉ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

“ያሱ! ነይ ግቢ፣ ነይ። ብርድ ነው። አንተ፣ ሻይ ቅዳላት!”

ሻዩን ተቀበልኩ። ደቀ መዝሙሩ ራቅ እስኪል ጠበቁና ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ሙከራው ደረሳችሁ? አልተናደደም አይደል?”

“አልተናደደም። ጥሩ ቀርጸዋል ነው ያለው።”

“እፎይ!” ደረታቸውን ዳበሱ። “ለእሱ አትንገሪው፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። የላከው ሥዕል ልክ አልነበረም። እጁ ተንቀጥቅጧል። ጉንጩ አብጧል፣ ግንባሩ ላይ ቀለም ፈንጥቋል፣ አፉ ተከፍቶ ሁለት ጥርስ ተነባብሯል። ልጁን የቀበረ ሰው እጅ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ግን ይህ ታትሞ ቢወጣ ሰው ታንሱይ አለቀለት ይላል። ደቀ መዛሙርቴ እንኳ እንዳያዩት ሸፍኜ ነው የሠራሁት። ፊቱን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የራሱን ፊት መለስኩለት።”

ሻዩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ነበርኩ።

“ከወረቀቱ የተረፈ ነገር ይኖር ይሆን?” አልኳቸው።

“ከየትኛው ወረቀት?”

“ከሥዕሉ። ቁራጭም ቢሆን።”

ሳቁ። “የሠዓሊ ሚስት ሆነሽ? ከእኔ ቢላ ሥር ወረቀት ሲተርፍ የት አይተሽ ታውቂያለሽ! ፍርፋሪው ያው ከእንጨቱ ጋር ነዋ። ሻያችንን የሚያፈላልን እሱ አይደል?” ብለው በአገጫቸው ማንደጃውን አሳዩኝ። ማንቆርቆሪያው ሥር የቼሪ ፍቅፋቂ ይነድ ነበር። ጥሩ ይሸታል የቼሪ እንጨት።

ሻዩን ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ከዚያ ግንባሬ ወለሉን እስኪነካ እጅ ነሳሁና “ጋሽ ካሂቺ፣ በጣም አመሰግናለሁ” አልኳቸው።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እሰድባቸው ነበር፤ ስድብ አይቸግረኝም፣ ሰፈሩ ይመስክር። የባሌን ስም ለማዳን አምሽተው የደከሙ ሽማግሌ ናቸው። ምን ልበላቸው? ልጄን በጥንቃቄ፣ በፍቅር፣ ፀጉር በምትሰነጥቅ ቢላ ነው ያጠፉት። ብነግራቸው ዳግመኛ ቢላ አያነሱም። አልነገርኳቸውም።

ቤት ስመለስ ጁኪቺ ምልክቱን ጨርሶ ነበር።

“ነገርሻቸው?” አለኝ።

“አልነገርኳቸውም።”

“ደግ አደረግሽ።”

ከዚያ በኋላ የብርዱን ወራት በሙሉ ሞከረ። ጠባሳውን ያስታውሳል፣ ጉንጩን ያስታውሳል፤ ብሩሹ ወረቀቱን ሲነካ ግን ያቺ ሴት ትመጣለች፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንደምትል ባለቤት። “አገጯ ሰፋ ይል ነበር” እለዋለሁ። ያሰፋዋል። አገጩ የሰፋ የታንሱይ ሴት ትሆናለች። ወረቀቶቹን እሳት ማቀጣጠያ አደረግኳቸው። እኔም ማታ ማታ ስጠራት በኅትመቱ ላይ ያለችው ናት የምትመጣው፣ አፏ የተዘጋው። አንዳንዴ ከነጠባሳዋ ብቅ ትልና ወዲያው ትሄዳለች። እየቆየ ብቅ ማለቷንም ተወች።

በፀደይ መጽሐፉ ወጣ። እንዲህ የተሸጠ መጽሐፍ የለም አሉ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እንኳ ሴቶቹ ከወገባቸው በላይ ሳሙና ተለቅልቀው ስለባለታሪኳ ሲያለቅሱ ሰማሁ። አንዷ “አንቺ የታንሱይ ሚስት አይደለሽም? እንዴት ቢጨክን ነው እንደዚህ አድርጎ የሳላት!” አለችኝ። “ይጨክናል” አልኳት።

ሺዙካዋ መጽሐፉን ራሱ ይዞልን መጣ። እኔ ከተማሩ ሰዎች ጋር ብዙ አልስማማም፤ ይህኛው ደግሞ ሲናገር ራሱን ያዳምጣል።

“ታንሱይ፣ ያ እጅ!” አለ። “ያቺ ወደ አፏ የምትሄደው እጅ! ምን ማለቷ ነው ብዬ ግድግዳ ላይ ሰክቼ ስንት ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ ገባኝ። ሳል ነው! ልጅቷ ሳሏን እየደበቀች ነው። ሳምባዋን ታማለች፣ እናቷ እንዳታውቅ ትፈልጋለች። መጽሐፉ ሁሉ ከዚያች እጅ ነው የወጣው።”

“ሳል ነው” አለ ጁኪቺ።

“አዎ! በሕይወቷ አንድ ቀን ስቃ የማታውቅ ልጅ።”

ሻይ ቀዳሁለት። ኮኖ ስንቴ ቀድታለታለች፣ እዚያው የተቀመጠበት ቦታ። አንድ ጊዜ ዊጉ ነው ወይስ ፀጉሩ ብላ ሹክ ብላኝ፣ ወጥ ቤት ሮጣ ገብታ አፏን በእጇ አፍና ስትንፈቀፈቅ ነበር። ያ ትዝ አለኝ። ሳቋ ትዝ አለኝ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትዝ አለኝ። ፊቷ ላይ ስደርስ የታንሱይ ሴት ናት።

እንግዳው ሲሄድ ገና አልመሸም ነበር። ጁኪቺ መጽሐፉን ከፈተና ሥዕሉን ዘረጋው። ቀለሙ ደህና ወጥቷል፤ ፎጣው ሰማያዊ፣ መቀነቱ የወይን ጠጅ። ከብሩሾቹ ሁሉ ቀጭኗን መረጠ፣ ቀለም በጠበጠ፣ ጫፏን በከንፈሩ አሾለ።

“ምን ልታደርግ ነው?”

“አፏን ትንሽ ልክፈተው። አንዷ መጽሐፍ ላይ እንኳ ትኑር። ጥርሷን ብቻ።” ብሩሹን ከሥዕሉ በላይ ያዘና ቆመ። “በየት በኩል ነበር ያልሽው?”

አፌን ከፈትኩ። በቀኝ ልል ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ በቀኝ ስል ከርሜያለሁ። ከዚያ የጠፋችው ሥዕል ትዝ አለችኝ። በግራ ነበር የሳለው፤ ሳያትም ምንም አልጎረበጠኝም። ኮኖ ነው ያልኩት። እናት ልጇን በተሳሳተ ጥርስ ታውቃለች?

“በግራ” አልኩት። “አንተ ነህ ልክ።”

“አይደለም” አለ። “አስቤበታለሁ። በቀኝ ነው። አንቺ ነሽ አፏን ያጠብሽው፤ እኔ መች አየሁ?”

“በግራ ሳልካት እኮ፣ እሷው ናት ብዬሃለሁ።”

“አገጯን ሳሰፋ ነው እሷ የሆነችው። ጥርሱን ዝም ብዬ ነው የሳልኩት፣ በግራ ብዬሽ ስለነበረ። እልህ ይዞኝ ነው።”

“እኔም በእልህ ነው” አልኩ።

ተያየን። እሱ የእኔን ይዟል፣ እኔ የእሱን ይዣለሁ፤ አንዳችንም የራሳችን የለንም። ማንን እንጠይቅ? በዓለም ላይ የኮኖን ጥርስ ያየን ሰዎች እኛ ብቻ ነን። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሸክላዋን ስቀበል ያልመጣ፣ በጋሽ ካሂቺ ቤት ያልመጣ፣ ያን ጊዜ መጣ፤ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ፣ በእጄ እንኳ ሳልሸፍነው አለቀስኩ። ጁኪቺ አላባበለኝም። ብሩሹን እንደያዘ ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀመጠ።

ኋላ ተነስቶ ብሩሹን አጠበና ቦታው መለሰው። መጽሐፉን ዘጋነው። አፏ እንደተዘጋ ነው።